«የት አየሽው?» የሚሉት ቲቸር ባሳ

ሻንቶ ያለችው ጎረቤታችን አልማዝ ስትደውል ሶዶ፣ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜ ለአንዲት እናት የልጇን የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳሁ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ይዤ «ቆይ፣ መልሼ ልደውልልሽ» ልላት ስል ድምፅዋ አላማረኝም።

«ቲቸር አረፉ» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት። ድንኳን እየተተከለ ነው፣ ነይ።»

ሴትዮዋ እየጠበቀችኝ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ማንኪያ አልኳትና ጠርሙሱን ሰጠኋት። እሷ ስትወጣ ነጭ ጋዋኔን አወለቅሁ። በሩን ለባልደረባዬ ትቼ በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩና የሻንቶ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ «ሻንቶ፣ ሻንቶ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። እኔ በመስኮቱ የመንገዱን ዳር ቀይ አፈር እያየሁ፣ እኚያ ሰውዬ በዚህ አፈር ምክንያት ምን ያህል እንደተዋረዱና ምን ያህል ከፍ እንዳሉ አስብ ነበር።

ቲቸር ባሳ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተማሪዬ ናቸው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን ሦስት ክፍል ይሻገራል። ሁልጊዜ የሚለብሱት ቡናማ ኮት ነበራቸው፣ በቀኝ ኪሱ ጠመኔ፣ በግራው ደግሞ እግረ መንገዳቸውን ያነሱት ነገር ሁሉ የሚከተትበት፦ የደረቀ አንበጣ፣ የባቄላ ቡቃያ፣ የዶሮ ላባ። አንድ ቀን ጠመኔ አወጣለሁ ብለው በተሳሳተ ኪስ ገብተው እንቁራሪት አውጥተዋል። ክፍሉ በጩኸት ሲናጥ እሳቸው እንቁራሪቷን በመዳፋቸው ይዘው፣ «ይቅርታ፣ የእናንተ ክፍለ ጊዜ ከሰዓት ነው» አሏት።

የማስተማር ዘዴያቸው ደግሞ የራሳቸው ነበር። ደብተራችንን በማስመሪያ ሦስት ቦታ እንድንከፍለው ያዙናል። በመጀመሪያው ዓምድ የባዮሎጂው ቃል በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በሁለተኛው ትርጉሙ፤ በአማርኛም ይሁን በወላይትኛ ግድ የላቸውም። «እናትሽ የማይገባት ትርጉም ላንቺም አልገባሽም ማለት ነው» ይሉ ነበር። ሦስተኛው ዓምድ ራስጌው ላይ «የት አየሁት» የሚል ተጽፎበታል። ይህ ካልተሞላ ሌላው ቢያምርም ዜሮ ነው።

ኦስሞሲስን የተማርንበት ቀን አንድ ልጅ ተነሥቶ ትርጉሙን አንድ ቃል ሳያዛንፍ አነበነበው።

«ጎበዝ! የት አየኸው?» አሉት።

«መጽሐፉ ላይ፣ ቲቸር።»

«መጽሐፉ ላይ ያየኸው ቀለም ነው። ሂዱ፣ አይታችሁ ኑ።»

በማግስቱ እጄን አወጣሁ። እናቴ ለምሳ ቲማቲምና ሽንኩርት ከትፋ፣ ጨው ነስንሳበት ትንሽ ስታቆየው ሳህኑ ሥር ውሃ አቁሮ ነበር። ማንም ውሃ አልጨመረበትም። ይህን ስናገር ቲቸር ባሳ አጨበጨቡ። አዎ፣ ብቻቸውን አጨበጨቡ። «ውሃው ከሴሎቹ ወጥቶ ወደ ጨው ሄደ! ይህቺ ልጅ ኦስሞሲስን በሰላጣ ሳህን ላይ ያዘችው!» አሉ። እስከ ዛሬ ሰላጣ ላይ ጨው ስነሰንስ ያ ጭብጨባ ይሰማኛል።

ዕፅዋት ያለ ዘር እንዴት እንደሚራቡ ሲያስተምሩን ደግሞ እሳቸው አላስተማሩም። የጎረቤታችንን የአልማዝን እናት፣ እማማ አየለችን ለምነው ወደ ትምህርት ቤቱ ጓሮ አመጧቸው። እማማ አየለች የእንሰቱን ሥር ከመሬት አውጥተው፣ መሐሉን በቢላ ጎርጉረው አፈርና ፍግ ሞሉበትና መልሰው ቀበሩት። ሳምንታት ቆይቶ ከዚያ ከአንድ ሥር የወጣውን ችግኝ ቆጥረን አልዘለቅነውም። ቲቸር ባሳ «ዛሬ ያስተማሩን ፕሮፌሰር አየለች ናቸው» ብለው በክብር አመሰገኗቸው። እማማ አየለች ግን መሬት መሬት እያዩ፣ ቀሚሳቸውን ወደ ታች እየጎተቱ፣ ከሁላችንም ራቅ ብለው ነበር የቆሙት። ግራ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች አብጦ ነበር። ሰው ዝሆኔ ይለዋል። አንድ ልጅ አፍንጫውን ሲይዝ አየሁት። ቲቸር ባሳም አይተውታል፣ ምክንያቱም ልጁ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ የመጸዳጃ ቤት ውሃ ሲቀዳ ከረመ።

ታዲያ እኚህ ሰው ናቸው የተሳሳቱት።

አሥረኛ ክፍል ሄረዲቲ ደረስን። ከወላጅ ወደ ልጅ በተፈጥሮ የሚወረስ ጠባይ ማለት ነው ብለው አስጻፉን። ምሳሌ ሲደረድሩ የዓይን ቀለም አሉ፣ የጆሮ ቅርጽ አሉ፣ ከዚያ አፋቸው ላይ እንደመጣላቸው «በእኛ አካባቢ ደግሞ ይህ የእግር እብጠት አለ፣ ቤተሰብ ተከትሎ የሚሄደው» አሉ። ማንም አልደነቀውም። እናቴም፣ አባቴም፣ መንደሩም የሚያምነው ይህንኑ ነው። እኔም በሦስተኛው ዓምድ ላይ፣ በዚያ በምኮራበት ጽሕፈቴ፣ «በእነ አልማዝ ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ቲቸር ባሳ በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደረጉበት።

የወላጆች ቀን ሲደርስ የጥሩ ተማሪዎች ደብተር ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ለእንግዳ ይታያል። የእኔ መጀመሪያ ላይ ነበር። እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ ሁለት ጊዜ በጠረጴዛው ፊት ስትመላለስ ትዝ ይለኛል። ከእንግዶቹ መካከል አንድ ሰውዬ ደብተሬን ገልጠው ገልጠው አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። የማን ዘመድ እንደሆኑ አላወቅሁም። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ፣ እንደገና አነበቡና ዘግተውት ሄዱ። እኔ ጽሕፈቴን ያደነቁ መስሎኝ ነበር።

አልማዝ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ሻንቶ መንገድ ዳር የልብስ ስፌት መኪና ነበራት፤ የእኔንም ዩኒፎርም የሰፋችው እሷ ናት። ተበላ በምትባለው የቆላ ከተማ ለሚኖር መስፍን ለሚባል አናጢ ታጭታ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተ ክርስቲያን ተነግሮ፣ የሠርጓን ቀሚስ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ትሰፋ ነበር። የወላጆች ቀን ባለፈ በሳምንቱ ከመስፍን ቤተሰብ መልእክት መጣ፦ «ነገሩ ለጊዜው ይቆይ።» ለጊዜው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አባቴ ከአልማዝ ወገን ሽማግሌዎች አንዱ ስለነበር ምሳ ላይ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ።

«የመስፍን አጎት በዓይኔ አነበብኩ ይላል። በደብተር ተጽፏል፣ አስተማሪው አርሞ ማርክ ሰጥቶበታል፣ የምትወልደው ልጅ ሁሉ እግሩ ያብጣል ይላል። ምን ብለን እንመልስለት?»

ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ።

ወደ አልማዝ ሄጄ ጻፊዋ እኔ ነኝ አልኳት። አውቃዋለች። ቀሚሱን አጣጥፋ ከመኪናው ሥር አስገብታዋለች። «አንቺ ምን አደረግሽ? የነገሩሽን ጻፍሽ» አለችኝ፤ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ «እኚህ አስተማሪያችሁ ሁልጊዜ የሚጠይቋችሁ ነገር ምን ነበር ያልሽኝ?» አለችኝ።

በማግስቱ፣ የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ የልክ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ በራችን ላይ ቆመች። ቲቸር ባሳ ግቢ አሏት። አልገባችም።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። የእናቴ እግር የዘር ነው ብለው አስተምረዋል። የት አዩት?»

«አያትሽም...» ብለው ጀመሩና ቆሙ።

«አያቴን አያውቋትም። አያቴ እግሯ እንደ እርስዎ እግር ደህና ነበር። ያደገችውም እዚህ አይደለም፣ ቆላ ነው።»

ቲቸር ባሳ ጠመኔያቸውን ያገላብጡ ጀመር። እኔ አንድ ነገር ብለው እንዲያመልጡ እየጸለይኩ ነበር፤ ስልሳ ተማሪ ፊት ነው ያሉት። «አላየሁትም» አሉ በመጨረሻ። «ሲባል ሰምቼ ነው ያስተማርኩት። አላየሁትም፣ የእኔ ልጅ።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ተከታትለው ሶዶ፣ እግራቸው ያበጠ ሰዎች ወደሚታከሙበት ቦታ ተመላለሱ። ተቀምጠው ማብራሪያ ሰምተው ብቻ አልተመለሱም። በረኪና ጠብ ያለበት ውሃ በሳፋ እየቀረበላቸው ከሕመምተኞቹ ጋር እግር አጥበዋል፣ ቅባት ቀብተዋል፣ ፋሻ ጠምጥመዋል፤ አንድ በአንድ «ቤትህ የት ነው? አፈሩ ምን ዓይነት ነው? ጫማ ማድረግ የጀመርከው መቼ ነው?» ብለው ጠይቀው ጽፈዋል። ይህን የሰማነው ከቲቸር አይደለም፤ በሦስተኛው ቅዳሜ እማማ አየለችን ይዘዋቸው ስለሄዱ ከእማማ ነው።

ሰኞ ቀይ አፈር በሲኒ ይዘው ክፍል ገቡ።

«ያስጻፍኳችሁ ምሳሌ ስህተት ነው። ስህተቱ የእናንተ አይደለም፣ የእኔ ነው» ብለው ጀመሩ። በዚህ በደጋችን አፈር ውስጥ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር እንዳለ፣ ባዶ እግሩን ለዓመታት በሚረግጠው ሰው ቆዳ አልፎ እንደሚገባ፣ እግሩን የሚያሳብጠውም እሱ እንደሆነ አስረዱን። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም አሉ። አፍንጫውን ይዞ የነበረው ልጅ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወንበር እየሳቡ፣ በየዴስኩ እየተቀመጡ፣ የእያንዳንዳችንን ደብተር በእጃቸው አረሙ። የራሳቸውን ራይት እየሰረዙ ጎኑ ላይ ፈረሙበት።

የእኔ ተራ ሲደርስ ደብተሬን በክንዴ ሸፈንኩት። ቀስ ብለው ክንዴን አነሱ።

«የት አየሽው?» አሉኝ። ድምፃቸው እንደዚያን ቀን ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

«እግራቸውን አይቼ ነው፣ ቲቸር።»

«እግራቸውን አይተሻል። ውርሱን የት አየሽው?»

«አላየሁትም።»

«እኔም» አሉ። «በእነ አልማዝ ቤት» የሚለውን በአንድ ቀይ መስመር ሰረዙት፤ ቦታውን ግን አልሞሉትም። «የእውነቱን ስታዪ ትሞዪዋለሽ። እስከዚያ ባዶ ይሁን። ባዶ ቦታ አያሳፍርም።»

ሥራቸው በእኛ ክፍል አላበቃም። ካቻምና፣ ከዚያም በፊት ያስተማሯቸው አሉ። ትምህርት አቋርጠው ገበያ የገቡ አሉ። ቲቸር ባሳ በገበያ ቀን ሻንቶ ገበያ መሐል እየዞሩ፣ ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር የምትሸጠዋን፣ ባጃጅ የሚነዳውን፣ ሁሉንም በስሙ እየጠሩ «ሄረዲቲ ላይ ያስተማርኩህን አስታወስከው? አንዱ ምሳሌ ስህተት ነው፣ ሰርዘው» ይሉ ነበር። ሰው ሳቀባቸው። «ባሳ የሰጠውን ማርክ ሊቀንስ ገበያ ወጣ» ተባለ። ሳቁን እየሰሙ ነበር የሚዞሩት። እኔ በሩቁ አይቻቸው አፍሬ ተደብቄያለሁ፤ አሁን የማፍረው በመደበቄ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ተበላ፣ እነ መስፍን ቤት ሄደው ያደረጉት ነው። ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሊሞክሩ ሲነሡ ቲቸር ባሳ እሄዳለሁ አሉ። «ስህተቱ የተጻፈበት ደብተርም ይምጣ» ስላሉ አባቴ እኔን ይዞኝ ሄደ። አልማዝ አልመጣችም። በሶዶ በኩል ሚኒባስ ቀይረን ከሰዓት በፊት ደረስን። ከማንጎ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ተዘርግቶ የመስፍን አባት አቶ ሳና፣ መስፍንና በወላጆች ቀን ደብተሬን ያነበቡት ባለመነጽር አጎቱ ተቀምጠዋል።

ቲቸር ባሳ ተነሡ። ደብተሬን ገልጠው ስርዙን አሳዩ። «ይህን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ» አሉ፤ ከዚያ ያዩትን ሁሉ ተናገሩ።

አጎትየው አልተዋጠላቸውም። «ቲቸር፣ ያን ጊዜ እውነት ነው አሉ፣ ዛሬ ስህተት ነው አሉ። ነገ ደግሞ ሌላ ይላሉ። የቱን እንመን?»

«እኔን አትመኑ። ያያችሁትን እመኑ። አቶ ሳና፣ ከእኛ ከደጋው ወርዶ እዚህ ቆላ የሰፈረ ቤተሰብ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ እንጂ። ይኼ ከወንዙ ማዶ ያለው ሁሉ ከደጋ የመጣ ነው።»

«እዚህ ተወልደው ካደጉት ልጆቻቸው እግሩ ያበጠ ስንት አዩ?»

አቶ ሳና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ቤት በቤት ያስቡ ነበር መሰለኝ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጣታቸው አንዱም ሳይታጠፍ ቆየ። «አላየሁም» አሉ።

«ደሙ አብሯቸው ወርዷል። አፈሩ ግን እዚያው ቀርቷል።»

አባቴ በረጅሙ ተነፈሰ። ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር፣ እኔም መስሎኝ ነበር። ያኔ አቶ ሳና «እንግዲያው በደማቸው ውስጥ ምንም ነገር የለም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። አባቴ ቲቸርን በዓይኑ ሲለምን አይቻለሁ። አዎ፣ የለም ቢሉ ወደ ቤታችን እንሄዳለን፣ አልማዝም ቀሚሷን ታወጣለች።

«እሱን እንደዚያ ማለት አልችልም» አሉ ቲቸር ባሳ። «ለዚህ አፈር ቆዳው ቶሎ የሚሸነፍ ሰው አለ፣ የማይሸነፍም አለ። ይህ መሸነፉ በቤተሰብ ሊመጣ ይችላል ይላሉ የተማሩት። ግን አፈሩ ካልነካው በሽታው አይመጣም። ከልጅነቱ ጫማ ያደረገ፣ እግሩን የታጠበ ልጅ አይያዝም። እውነቱ ይህ ነው፣ ከዚህ አላሳጥረውም።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። አጎትየው «አላልኳችሁም?» ብለው ጀመሩ፣ አቶ ሳና ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

«ቲቸር፣ ይህን የመጨረሻውን ባይነግሩን ማን ያውቅብዎት ነበር?»

«እኔ።»

መስፍን አባቱን አባቱን ያያል። ከዚያ አዛውንቱ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «የልጅህን የመጀመሪያ ጫማ የምገዛው እኔ ነኝ» አሉት።

አባቴ ማልቀሱን ለመደበቅ ማንጎውን ሊያይ ቀና አለ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ቲቸር ባሳን ለምን እንደዚያ አሉ፣ ቢቀርስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ግማሹን ብነግራቸው ሌላውን ግማሽ ለማረም ተመልሼ መምጣት ነበረብኝ። መንገዱ ደግሞ ሩቅ ነው» አሉና ጭንቅላታቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ያንኮራፋል። የሚነካ ሰው መሆኑ ራሱ ገርሞኝ እጅጌያቸውን ሳላስነቃቸው ነክቼ አየሁ።

አሁን ሻንቶ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። መዝሙር ይሰማል። የአልማዝን እናት እንደልማዴ ከኋላ፣ ከድንኳኑ ጠርዝ ፈለግኋቸው። በአልማዝ ሠርግ ቀን እንኳን ከጓዳ አልወጡም ነበር። የሉም። ዞር ስል ከፊት፣ ከሟቹ ቤተሰብ ጎን ተቀምጠዋል። በእግራቸው ልክ የተሠራ ሰፊ ጥቁር ጫማ አድርገዋል። እብጠቱ ጨርሶ ባይጠፋም በእጅጉ ቀንሷል፤ ቀሚሳቸውን አይጎትቱትም። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው፣ የአልማዝና የመስፍን ልጅ፣ ክንዳቸው ላይ ተደግፋለች። ነጭ ካልሲ፣ ቡናማ ሸራ ጫማ፤ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን እግሮች።

ጎናቸው ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ። እማማ አየለች እንባቸውን ጠርገው በወላይትኛ፣ «ታስታውሻለሽ? በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ፕሮፌሰር አሉኝ» አሉኝ። «ቤት ገብቼ ለአልማዝ ትርጉሙ ምንድን ነው ብያት፣ ስትነግረኝ ሰውዬው አበዱ አልኳት!» ብለው ለቅሶው መሐል በሙሉ አፋቸው ሳቁ። ልጅቷም አያቷን አይታ ሳቀች።

ያኔ አየሁት። በእነዚያ ሁሉ የጉርብትና ዓመታት እማማ አየለች ሰው ፊት ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር፤ በነጠላ ጫፍ አፋቸውን ይዘው ነው የኖሩት። የላይኛው ሁለት ፊት ጥርሶቻቸው መሐል ፍንጭት ነው። አልማዝ የላትም። ልጅቷ ግን፣ አዲስ በበቀሉት ጥርሶቿ መሐል፣ ልክ እንደ አያቷ፣ ፍንጭት ናት። አልማዝ ሻይ ይዛ ስታልፍ ዓይኔ ፈጦ አይታኝ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ሊነገራቸው የሚገባቸው ሰው ከፊታችን ሣጥን ውስጥ ተኝተዋል።

ከቀብሩ በማግስቱ ጠዋት ሶዶ፣ መድኃኒት ቤቱን ከመክፈቴ በፊት ካርቶኔን ፈትሼ የአሥረኛ ክፍል ደብተሬን አወጣሁ። ቀዩ ስርዝ ደብዝዟል፣ ፊርማቸው ግን ይነበባል። ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ እንደተውት ነው። እስክሪብቶዬን አንሥቼ፣ በሄረዲቲ ትይዩ፣ በሦስተኛው ዓምድ ጻፍኩ፦

«በእነ አልማዝ ቤት። የአያቷን ፍንጭት በልጅቷ ጥርስ ላይ። አይቻለሁ፣ ቲቸር።»